የሕንድ ቡፌን እንደ አንድ ገበታ መብላት፦ ከጅማ ለሚነሣ ቤተሰብ

ቡፌ ለቤተሰብ የማይመች አበላል ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። እኛ ጅማ ያለን ሰዎች ዘመድ ሲሰበሰብ አንድ ትሪ ከብበን፣ ለታላቅ ቦታ ለቅቀን፣ ለሕፃኑ ከፊታችን ለስላሳውን እየገፋን መብላት ስለለመድን፣ ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ የሚሰለፍበት፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው የሚነሣበት ምሳ ከግብዣ ይልቅ የተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ይመስለኛል። አሁንም ይህ ስሜት ጨርሶ አልለቀቀኝም። ሆኖም ለምርቃት፣ ለሕክምና ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ልጆቹ «ሕንድ ቤት እንብላ» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ያንን ምሳ ወደ አንድ ገበታ ለመመለስ የሚረዳውን ዘዴ በተግባር ተምሬአለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም እሱን ነው።

የሕንዱን ቡፌ ከሌላው ለይቼ የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። ጅማ ላይ በአንድ ዘመዳሞች መካከል ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም መገኘቱ የተለመደ ነው። በእኛም ቤት እናቴ ረቡዕንና ዓርብን ሳታጓድል የምትጾም ስትሆን፣ የአክስቴ ባል ደግሞ ሙስሊም ነው። ለበዓል ስንጠራራ ሥጋው በሁለት ድስት ይሠራል፣ በሁለት ትሪም ይቀርባል፤ በጨዋታ አንለያይም፣ እጃችን ግን አንድ ትሪ ላይ አይገናኝም። በሕንድ ሃይማኖቱ ወይም ልማዱ ሥጋ የማያስበላው እጅግ ብዙ ሕዝብ ስላለ፣ ከምስር፣ ከሽንብራ፣ ከቦሎቄ፣ ከድንችና ከአበባ ጎመን የሚሠራው ምግብ የሥጋ ማጀቢያ ሳይሆን ራሱን የቻለ ዋና ምግብ ነው። ስለዚህ እናቴና የአክስቴ ባል ከአንድ ሳህን የሚቆርሱበት ዕድል እዚያ የቡፌ መስመር ላይ አለ። ዕድሉን የሚያገኘው ግን አስቀድሞ ጠይቆ የገባ ሰው ነው።

ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው። በአንድ የፍልሰታ ጾም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ገብተን አስተናጋጁን «የጾሙ የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅነው፤ እሱም የመስመሩን ግማሽ በእጁ አሳየን። እናቴ ከአረንጓዴው የስፒናች ወጥ ቀዳች። በውስጡ የነበሩት ነጫጭ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጮች ድንች መስለዋት ነበር። አንዱን ናን በሚሉት ዳቦአቸው ጠቅልላ ከጎረሰች በኋላ ማኘኳን አቆመች፤ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ ሶፍት አንሥታ አፏን ሸፈነችና ቆይታ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አይብ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ እየጠጣች ጠበቀችን፤ እኛም ሳንጨርስ ተነሣን። አስተናጋጁ ሊያታልለን ፈልጎ አይመስለኝም። በሕንዶቹ ልማድ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሌለበት ምግብ ወተትና ቅቤ ቢገባበትም ከአትክልቱ ወገን ይቆጠራል። በእኛ ቋንቋ ግን ያ ምግብ ፍስክ ነው። ስሕተቱ ከጥያቄያችን ነበር።

ስለዚህ ከመሄድዎ አንድ ቀን በፊት ስልክ ይደውሉ፤ ሲደውሉም «የጾም ምግብ አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አለን» ከማለት ሌላ መልስ አያገኙም። «ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ክሬምና አይብ ያልገባበት የትኛው ነው?» ብለው አንድ በአንድ እየጠሩ ይጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነም ስልኩን ለወጥ ቤቱ እንዲሰጡልዎ ይለምኑ። በተለይ ናን ላይ ይጠንቀቁ፤ ዳቦ ስለሆነ ብቻ ማንም አይጠረጥረውም፣ ነገር ግን ሊጡ ብዙ ጊዜ በእርጎ ወይም በወተት ይቦካል፣ ታንዱር ከሚሉት የሸክላ ምድጃ ሲወጣም ላዩ ቅቤ ይቀባል። ለጾመኛ የሚሻለው ሮቲ ወይም ቻፓቲ የሚሉት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ ብቻ ተለውሶ በምጣድ የሚጋገረው ስስ ቂጣ ነው፤ እሱም ቢሆን ቅቤ ሳይቀባ እንዲመጣ መናገር ያስፈልጋል። ከምስሮቹ መካከል ዳል ማክኒ የተባለው ጥቁሩ በቅቤና በክሬም የሚበስል ስለሆነ ጨርሶ ይለፉት፤ ቢጫው ዳል እንደ ቤቱ በዘይትም በቅቤም ስለሚሠራ ይጠይቁበት። የሽንብራው ወጥና ድንች በአበባ ጎመን ብዙውን ጊዜ በዘይት ይሠራሉ። ጊ የሚሉት ቅቤያቸው እንደ እኛው የተነጠረ ነው፤ ኮሰረትና ኮረሪማ ስለማይገባበት ግን የእኛን ቅቤ ከሩቅ የሚለይ አፍንጫ እንኳ ላያውቀው ይችላል። እናቴን ያሳሳታት አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከቅቤ ሽታ በፊት ቅቤን ጠርጥራ አታውቅምና።

በዚያው ስልክ ሌሎች ሦስት ነገሮችን ይጨርሱ። አንደኛው ሥጋው በማን እንደታረደ ነው፤ ሕንድ ቤት ስለሆነ ብቻ የሙስሊም ነው ወይም የክርስቲያን ነው ብሎ መገመት ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል። ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ጾመኛ ካለ፣ የምሳው ቡፌ የሚነሣው በስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያረጋግጡ መሄድ አዛውንቱን ባዶ ድስት ፊት ማቆም ይሆናል። ሦስተኛው ዋጋ ነው። በስልክ የሚነገረው ዋጋ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ያልተጨመረበት ሊሆን ይችላል፦ 1,000 ብር የተባለ ምሳ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት 1,265 ብር ይሆናል፤ ስምንት ሰው ይዞ ለሄደ ልዩነቱ 2,120 ብር ነው። ልጆች እስከ ስንት ዓመታቸው በግማሽ ዋጋ ወይም በነፃ እንደሚበሉም ያንጊዜውኑ ይጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያደርገውን፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምመክረውን ነገር ልንገርዎ። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት እዚሁ ጅማ፣ በራስዎ ወጥ ቤት አንድ የሕንድ ምስር ይሥሩ። አዛውንት ሰው የማያውቀውን ምግብ በማያውቀው ቤት፣ በሰው ፊት መቅመስ ይከብደዋል፤ «ጠግቤአለሁ» የሚለው ብዙ ጊዜ ጠግቦ አይደለም። በቤቱ፣ በእንጀራው አንድ ጊዜ የቀመሰውን ግን እዚያ ሲያየው እንደ ዘመድ ያውቀዋል። ለዚህ ልዩ ሱቅ አያስፈልግም። ሂርማታ ገበያ ወርደው እርድ፣ ከሙን፣ ድምብላል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይግዙ፤ እንዲያውም አብዛኛው ጓዳዎ ውስጥ አለ።

ሁለት ኩባያ የምስር ክክ አጥበው በስድስት ኩባያ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምረው ይጣዱ፤ አረፋውን እየገፈፉ እስኪፈርስ ድረስ ያብስሉ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ ያድርጉ። በሌላ መጥበሻ አራት ማንኪያ ዘይት አግለው አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ይጣሉበት። ከሙኑ ሲንጣጣና ቡናማ ሲሆን የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ቀጥሎም የተከተፈ ቲማቲምና ትንሽ የድምብላል ዱቄት ጨምረው ያቁላሉ፤ ከዚያም ሁሉንም እንደጋለ ምስሩ ላይ ይገልብጡትና ድስቱን ይክደኑ። የሚሰማው የ«ቸስስ» ድምፅ ትክክል መሥራትዎን ይነግርዎታል። ሕንዶቹ ይህን ታድካ ይሉታል። ልዩነታችንም እዚህ ላይ ነው፦ እኛ ሽንኩርቱንና በርበሬውን አስቀድመን በቁሌት ረጅም ጊዜ አብስለን ሌላውን እንጨምርበታለን፤ በዚህ አሠራር ግን ቅመሙ መጨረሻ ላይ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ ለደቂቃዎች ብቻ ቆይቶ ይፈስበታል። እናቴ ድስቱን ከፍታ «በርበሬው የታል?» ብላኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ግን ሳልለምናት ነው የጎረሰችው።

በነገራችን ላይ፣ ሌላ የሕንድ ምግብ ሲሠሩ ሄል ከጠፋብዎ በኮረሪማ ለመተካት አይሞክሩ። ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፤ ነገር ግን ሄል የደቡብ ሕንድ ተራሮች ተክል ሲሆን ኮረሪማ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነው፣ መዓዛቸውም ለየቅል ነው። ለዚህ ምስር ሁለቱም አያስፈልጉም።

ወደ ምግብ ቤቱ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ወንበር ይሁን። ለቡፌው ቅርብ የሆነው ጠረጴዛ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ሳህን የያዘ ሰው ሁሉ በአያትዎ ትከሻ ላይ ያልፋል፤ ሁለት ጠረጴዛ ያህል ራቅ ብሎ ከግድግዳው በኩል፣ ከእጅ መታጠቢያውም ብዙ የማይርቀው ይሻላል። አዛውንቶቹን ያስቀምጡ፣ ከእነሱ ጋር የሚጫወት አንድ ሰው ይተዉ፣ ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡ። ሽማግሌ ሳህን ይዞ አይሰለፍም። ይህን የምለው ለወግ ብቻ አይደለም፤ በአንድ እጁ ምርኩዝ የያዘ ሰው የጋለ ክዳን ሊያነሣ አይችልም።

ከዚያ አንድ ሰው፣ ምግቡን በስልክ ያጣራው ሰው፣ ባዶ እጁን መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይዙር። ክዳኑን እያነሣ ይመልከት፣ የተጻፈ ስም ካለ ያንብብ፣ የተጠራጠረውን ይጠይቅ። ሲመለስ ለገበታው የሚያወራው በእኛ ምግብ ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል፦ «ዳል የተባለው ምስር ነው፤ ቻና የሽንብራ ወጥ ነው፤ ራጅማ ቀይ ቦሎቄ ነው፤ ሳሞሳ ያው ሳምቡሳችን ነው፣ ውስጡ ድንችና አተር ነው፤ ራይታ እርጎ በኪያር ነው።» የረመዳን ምሽት ሳምቡሳ የለመደ የጅማ ልጅ ሳሞሳውን ሲያይ እንግድነቱ ግማሽ ይቀልለታል። ከሥጋው ወገን ታንዱሪ ዶሮ በእርጎና በቅመም ተነክሮ በታንዱር የተጠበሰ ነው፤ የቅቤ ዶሮ የሚባለው በቲማቲም፣ በቅቤና በክሬም የለዘበ ስለሆነ ቃሪያ ለማይወድ ይስማማል፤ ቢርያኒ ሩዝና ሥጋ ተደራርበው የሚበስሉበት ስለሆነ ጭልፋውን ወደ ታች ዘልቀው ካልቀዱ ሩዝ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ።

የገበታው ዋና ብልሃት የሚመጣው አሁን ነው። አስተናጋጁን አራት ወይም አምስት ጎድጓዳ ሳህንና ለእያንዳንዱ አንድ የመቅጃ ማንኪያ ይለምኑ፤ ትልቅ ቤተሰብ መሆናችሁንና አዛውንት መኖራቸውን ሲነግሩት እንቢ ያለ እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚያ ከወጣቶቹ ለእያንዳንዱ አንድ ድርሻ ይስጡ፦ አንዷ ምስሩን፣ አንዱ ሽንብራውን፣ ሌላው ድንቹን፣ ትንሹ ልጅ ቂጣውን ያምጣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሥተው በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ፣ ሳህኖቹም መሐል ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ብቻውን አይነሣም፤ ያለቀውን ለመሙላት ሁልጊዜ አንድ ሰው ለሁሉም ይሄዳል። ጾሙ የሆነው ሁሉ መሐል፣ ፍስኩና ሥጋው ደግሞ በሚበሉት ሰዎች ፊት ለፊት ለብቻው ይሁን፤ ማንኪያቸውም አይለዋወጥ። በዚህ አቀማመጥ እናቴና የአክስቴ ባል በሽንብራው ሳህን ግራና ቀኝ ተቀመጡ። እሱ ቂጣውን ቆርሶ በሽንብራ ጠቅልሎ «እትዬ፣ በሞቴ!» ሲላት እሷም እንደ ደንቡ ሁለት ጊዜ እንቢ ብላ በሦስተኛው ጎረሰችለት። ለበዓል በሁለት ትሪ ስንበላ ይህ ሆኖ አያውቅም።

ስለ ጉርሻ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሕንዶችም እንደ እኛ በቀኝ እጃቸው ይበላሉ፣ ነገር ግን በብዙዎቹ ዘንድ አፍ ወይም የሚበላበት እጅ የነካው ምግብ «ጁታ» ይባላል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በመሆኑም በገበታችሁ ላይ እርስ በርስ ብትጎራረሱ ምንም የለውም፣ ወደ ጋራው ቡፌ ሲሄዱ ግን ወጥ በነካ እጅ ጭልፋ አይያዝ፣ የተበላበትም ሳህን ከጭልፋው ጋር አይነካካ። እጅዎን ተጣጥበው ወይም ጠርገው፣ ንጹሕ ሳህን ይዘው ይሂዱ። አንድ ጊዜ የወንድሜ ልጅ በምስር የተለወሰ እጁን ይዞ ክዳን ሲያነሣ ከኋላው የቆሙ ሕንዳዊት እናት ሳህናቸውን መልሰው ሲያስቀምጡ አይቻለሁ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እኔ ግን ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

የሕፃናቱን ሳህን ትልቅ ሰው ይቅዳ። ነጭ ሩዝ፣ ጥቂት ቢጫ ዳል፣ አንድ ሳሞሳና፣ ጾም ካልሆነ፣ ራይታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። ቢርያኒ ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት በማንኪያ ይበትኑት፦ ሙሉ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ የቀረፋ ቅርፊትና ቅጠል ለመዓዛ ብቻ ገብተው እዚያው ይቀራሉ፣ አይበሉም። ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ አረንጓዴውን ሄል ዘቢብ መስሏት ነክሳው ፊቷ እንዴት እንደተጨማደደ እስካሁን ያስቀናል፤ ያን ቀን ሌላ ሩዝ አልነካችም። ኮርማ የሚባለው ለስላሳ ወጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተፈጨ ለውዝ ነክ ፍሬ ስለሚወፍር፣ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለ ሳይጠይቁ አይቅመስ። ቃሪያ ሲያቃጥላቸውም ውሃ አይስጧቸው፤ የቃሪያ ማቃጠል በእርጎ ወይም በሩዝ ይበርዳል፣ ውሃ ግን በአፍ ውስጥ ያዳርሰዋል።

ቡፌው በተከፈተ በመጀመሪያው ሰዓት መድረስ ይሻላል። ክዳን ሲነሣ እንፋሎት መውጣት አለበት፤ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለሰዓታት ሲቆይ ተሕዋስያን ይባዙበታል፣ ሩዝም በዚህ ከሚታሙት አንዱ ነው። ለብ ያለ ሥጋ ካዩ አያንሡ፣ አዲስ እንዲወጣ ይጠይቁ።

ጣፋጩ ለጾመኛ የሚሆን የለውም ብለው ያስቡ። ጉላብ ጃሙን ፈልቶ ከደረቀ ወተት ተድቦልቡሎ ተጠብሶ በስኳር ውሃ የተነከረ ነው፣ ኪር የሩዝና የወተት ገንፎ ነው፣ ማሳላ ሻያቸውም ከወተት ጋር ይፈላል። ለእናትዎ ፍራፍሬና ያለ ወተት የፈላ ሻይ ይዘዙ። ቡናን በተመለከተ ከጅማ የሄደ ሰው እዚያ ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ ጠይቆ የሚመጣለትን ሲቀምስ ምሳውን ሁሉ ያማርራል፣ በእኛ ቤት ይህ ደርሷል። ቡናው ማታ ባረፉበት ዘመድ ቤት ይፈላ።

ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ስለሚታሰብ ማን እንደሚከፍል ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ፤ አለዚያ ሁለት አጎቶች ገንዘብ ተቀባዩ ፊት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። የተረፈውንም «ጠቅልሉልን» አይበሉ፤ በቡፌ ብዙውን ጊዜ አይፈቀድም፣ ከመጀመሪያውም በጥቂት በጥቂቱ ካመጣችሁ የሚተርፍ አይኖርም።

በዚያው ቀን ወደ ጅማ የሚመለሱ ከሆነ ግን ምሳውን ይተዉት። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወልቂጤን አልፎ የጊቤን ቁልቁለት ሲጀምር ክሬምና ዘይት የሞላ ሆድ ያላቸው ሦስት ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ ምን እንደሚሆኑ እኔ አይቼዋለሁ። እዚያው አድረው በማለዳ በባዶ ሆድ ይነሡ፣ ቁርሱም ጊቤን ተሻግረው፣ ሰኮሩ ላይ ይሁን።